መከታተያ መኪና አይጠብቅም፤ የተሰረቀችውን ይፈልጋል

የአንባቢ ጥያቄ፦ «መኪናዬ የምታድረው ደጅ ነው። ሌባ ስለምፈራ ለቁልፍና ለቦርሳ የሚሸጠውን ትንሽ የብሉቱዝ መከታተያ ገዝቼ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ደብቄዋለሁ። ጓደኛዬ ግን ‹እሱ መጫወቻ ነው፤ ጂፒኤስ አስገጥም። ጂፒኤስ በቀጥታ ከሳተላይት ጋር ስለሚነጋገር መሬት ውስጥ ቢከቷትም ያገኛታል፤ ሌባው እየነዳት ሳለም ሞተሯን ከስልክህ ታጠፋበታለህ› ይለኛል። የትኛውን ልያዝ? የትስ ልደብቀው? ‹ይህች መኪና መከታተያ አላት› የሚል ተለጣፊ መስታወቷ ላይ ብለጥፍ ይጠቅመኛል?»

ሁለታችሁም የተሳሳታችሁት አንድ ቦታ ላይ ነው። መከታተያ ስርቆትን አያስቆምም። በሩ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሲነሳ፣ መኪናዋ ከሰፈር ስትወጣ መሣሪያው ያያል እንጂ የሚከለክልበት እጅ የለውም። ሥራው የሚጀምረው ከተሰረቀች በኋላ ነው፤ የሚሰጥዎትም መኪናዋን መልሶ የማግኘት ዕድል ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያልጨበጠ ሰው ብዙ ጊዜ ውድ መከታተያ ያስገጥምና የመሪ መቆለፊያውን ማሰር ይተዋል። ያኔ መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ለሌባ የተመቸ ሆኗል።

የጓደኛዎ ስሕተት ደግሞ ብዙ ሰው የሚጋራው ነው። መኪና ላይ የሚገጠመው የጂፒኤስ ክፍል ወደ ሳተላይት አንዳችም ነገር አይልክም፤ የሚያደርገው ማዳመጥ ብቻ ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩት ሳተላይቶች ያለማቋረጥ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያሰራጫሉ፤ መሣሪያው ቢያንስ የአራቱን ሲሰማ መልእክቶቹ ከደረሱበት ጊዜ ተነስቶ የራሱን ቦታ ያሰላል። ሳተላይቶቹ የእርስዎ መኪና መኖሯን እንኳ አያውቁም። ስሌቱን ወደ ስልክዎ የሚያደርሰው መሣሪያው ውስጥ ያለው ሲም ካርድ ነው፤ መንገዱም ተራው የሞባይል ኔትወርክ ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ ያቺ ነጥብ እንድትታይ ሰማይ፣ ኔትወርክና ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ መገኘት አለባቸው። ሰማዩ ከተጋረደ መሣሪያው ይታወራል፤ ኔትወርኩ ከጠፋ ዲዳ ይሆናል።

መሬት ውስጥ ባለ ማቆሚያ መኪናዋ ብትገባ ጂፒኤሱ ይቋረጣል። ኔትወርክ እስካለ ድረስ መሣሪያው በአቅራቢያው ካሉ የሞባይል ማማዎች ተነስቶ ግምታዊ ቦታ ሊነግርዎት ይችላል፤ ያ ግምት ግን ከተማ ውስጥ በመቶዎች ሜትር፣ ከከተማ ውጭ በኪሎ ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ከተጫነች ሁለቱም ሊቋረጡ ይችላሉ። ገላጣ ቦታ ላይ የጥቂት ሜትሮች ስሕተት ብቻ ያለው መሣሪያ እንኳ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ይዋዥቃል፤ መኪናዋ ስንተኛው ፎቅ ላይ እንዳለች ወይም ከሁለት ጎረቤታም ግቢዎች የትኛው ውስጥ እንደቆመች ላይለይ ይችላል።

በዚህ ላይ የሲግናል ማፈኛ አለ። የሳተላይቱ ሲግናል ምድር ሲደርስ እጅግ የደከመ ስለሆነ ሲጋራ ማቀጣጠያው ቀዳዳ ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ዙሪያውን ልታደነቁረው ትችላለች፤ አንዳንዶቹ የሞባይሉንም ሞገድ አብረው ያፍናሉ። አሜሪካ ውስጥ አሠሪው እንዳይከታተለው ብሎ እንዲህ ያለ ማፈኛ ይዞ ይነዳ የነበረ አንድ ሠራተኛ ሳያስበው የኒውአርክ አውሮፕላን ማረፊያን የአቅጣጫ መሣሪያ አውኮ ተገኝቷል፤ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም በ2013 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የ31,875 ዶላር ቅጣት አቅርቦበታል። ማፈኛ በብዙ አገሮች ሕገ ወጥ ነው። ሆኖም መኪና ለመስረቅ የቆረጠ ሰው በዚህ ሕግ አይገታም። መሣሪያው ሲታፈን መጮህ ስለማይችል፣ ዝምታውን ራሱ እንደ ማንቂያ የሚቆጥር አገልግሎት ይምረጡ፦ መኪናዋ በድንገት ድምፅዋ ሲጠፋ አገልግሎቱ ለእርስዎ ወዲያውኑ መልእክት የሚልክበት ዓይነት። ሻጩ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ግራ ከተጋባ ወደ ሌላ ሻጭ ይሂዱ።

አሁን ወደ እርስዎ ትንሽ መሣሪያ። ብሉቱዙ ጂፒኤስም ሲም ካርድም የለውም። ያለው አጭር ርቀት የሚደርስ ሞገድ ነው፤ በአጠገቡ የሚያልፉ የሌሎች ሰዎች ስልኮች ያንን ሞገድ ሰምተው እነሱ ያሉበትን ቦታ ለእርስዎ ያስተላልፋሉ። ሰው በሚበዛበት ከተማ ይህ ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል፤ ጭር ያለ መንገድ ላይ ግን የሚሰማው የለም። ዋናው ችግሩ ግን ርቀቱ አይደለም። በ2021 ገበያ የወጣው የአፕል ኤርታግ ሰዎችን በድብቅ ለመከታተል ሲውል በመታየቱ፣ ባለቤት ሳይኖር ከሌላ ሰው ጋር የሚጓዝ መከታተያ ለዚያ ሰው ስልክ ማስጠንቀቂያ እንዲልክና ራሱም እንዲጮህ ተደርጓል። ከግንቦት 2024 ወዲህ አፕልና ጉግል በጋራ ባወጡት አሠራር ማስጠንቀቂያው በአይፎንም በአንድሮይድም ይደርሳል። ይህ ማለት «ያልታወቀ መከታተያ አብሮዎት እየተጓዘ ነው» የሚለው መልእክት በሌባው ኪስ ውስጥ ሊጮህ ይችላል ማለት ነው።

አምራቾቹን በዚህ አልወቅስም። በቀድሞ ባሏ የምትሳደድ ሴት ደኅንነት ከእኔም ከእርስዎም መኪና ይበልጣል። የድምፅ ማጉያውን ነቅለው የሚሸጡም ስላሉ ልንገርዎት፤ አይግዙ። የስልኩ ማስጠንቀቂያ አሁንም ይቀራል፤ እርስዎም የሚገዙት ለአሳዳጆች የተሰናዳ ዕቃ ይሆናል። ያለዎትን ብሉቱዝ መጣል አያስፈልግም፤ ርካሽ ተጨማሪ ሆኖ ይቀመጥ፣ በሳንቲም የምታክለውን ባትሪውን በየዓመቱ ይቀይሩለት። ብቻውን ግን አይታመንም። ከመቀመጫው ሥር ግን ያውጡት፤ ሌባ መጀመሪያ እጁን የሚሰድበት ቦታ ነው፤ የመቀመጫው ብረትም ሞገዱን ይጋርደዋል።

ከመኪናዋ ባትሪ ጋር በሽቦ የሚያያዘው ጂፒኤስ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ይሠራል። መኪናዋ ስትነቃነቅ፣ ሳትነሳ ስትጎተት ወይም ካሰመሩላት ክልል ስትወጣ ወዲያው ይነግርዎታል። የራሱ ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ያለውንና ሽቦው ሲቆረጥ «ተቆረጥሁ» ብሎ የሚልከውን ብቻ ይግዙ። የኃይል ፍጆታውን ደግሞ አስቀድመው ያስሉ። መኪናዋ ስትቆም የማይተኛና ያለማቋረጥ 50 ሚሊአምፔር የሚስብ መሣሪያ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት፣ በወር 36 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ 60 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ ከግማሽ በላይ ይጠባዋል፤ የቆየ ባትሪ ከሆነ ከጉዞ ሲመለሱ ሞተሪኖው አይዞርም። በሚተኛበት ጊዜ 5 ሚሊአምፔር የሚወስደው ግን በወር 3.6 ብቻ ይበላል። ሻጩ ይህን ቁጥር በጽሑፍ ሊያሳይዎት ይገባል።

ኔትወርኩም ዕድሜ አለው። ብዙ አገሮች የቆዩትን የሁለተኛና የሦስተኛ ትውልድ (2ጂና 3ጂ) ኔትወርኮች እየዘጉ ነው፤ አውስትራሊያ ሁለተኛውን በ2018፣ ሦስተኛውን በ2024 ዘግታ ጨርሳለች፤ የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ሦስተኛውን በየካቲት 2022 አጥፍቷል። ርካሹ መከታተያ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ትውልድ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ኔትወርኩ በተዘጋበት ቀን የማይናገር ሳጥን ይሆናል። አራተኛውን ትውልድ (4ጂ) የሚቀበል ይሁን። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰውን የሚጥለው ያልተከፈለ የሲም ካርድ ሒሳብ ነው። ማንም አያስታውሰውም፤ የሚታወቀው ጠዋት መኪናዋ ከቆመችበት ስትጠፋ ነው።

መደበቂያውን በተመለከተ ትክክለኛ ቦታ እንድጠቁምዎት የሚጠብቁ ከሆነ አልጠቁምም፤ እዚህ የጻፍኩትን ሌባም ያነበዋል። መርሁን ግን ልንገርዎት። ፕላስቲክ፣ ጨርቅና ተራ መስታወት ሞገድ ያሳልፋሉ፤ ብረት አያሳልፍም። የጂፒኤሱ አንቴና ፊቱ ወደ ሰማይ ይሁን። ሙቀት ለመቀነስ በስሱ ብረት የተቀባ የፊት መስታወት ያላት መኪና ከሆነች ከመስታወቱ ሥር ማስቀመጥ ላይሠራ ይችላል። ከሞተሩ አጠገብና ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው የዳሽቦርድ አናት ያርቁት፤ የሊቲየም ባትሪ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ይጎዳል። ከመሪው ሥር ባለው፣ መካኒክ ኮምፒውተሩን ለምርመራ በሚሰካበት መሰኪያ ላይ የሚሰኩትን መከታተያዎች አልመክርም፤ ሌባው አዲስ ቁልፍ ለማስመዝገብ ራሱ የሚጠቀምበት መሰኪያ ስለሆነ ገና ሲጎነበስ ያገኘዋል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ፦ ገጣሚው ቢጫ ሽቦ ወይም ቢጫ ማያያዣ እንዳይነካ። በአብዛኞቹ መኪናዎች ቢጫው የኤርባግና የቀበቶ መወጠሪያ መስመር ነው፤ በፊት መቀመጫዎች ሥርም ያልፋል። የተሳሳተ ንክኪ ኤርባጉን ሊያፈነዳ ወይም በግጭት ጊዜ እንዳይሠራ ሊያደርገው ይችላል። መሣሪያው ላይ የምትበራውን ትንሽ መብራትም በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኗት፤ በጨለማ መኪና ውስጥ ብልጭ ድርግም የምትል ነጥብ የተደበቀውን ታጋልጣለች። ገጣሚዎች ደግሞ ልማድ አላቸው፤ እጃቸው የለመደው አንድ ቦታ ላይ መቶ መኪና ይገጥማሉ። ቦታውን እርስዎ ይምረጡ፣ ሲገጠምም አጠገቡ ይቁሙ፣ ለሥራ ማስተዋወቂያ ብሎ ፎቶ እንዲያነሳ አይፍቀዱለት።

የተለማመደ ሌባ አንድ መከታተያ መኖሩን አስቀድሞ ይጠረጥራል። ስለዚህ መኪናዋን በቀጥታ ወደ መደበቂያው አይወስዳትም፤ ጸጥ ያለ መንገድ ዳር አቁሞ ለጥቂት ቀናት ይተዋታል። ፈልጎ የመጣ ሰው ከሌለ ተመልሶ ይወስዳታል። ሁለተኛ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከመኪናዋ ሽቦ ጋር ምንም ያልተያያዘ፣ በራሱ ባትሪ የሚሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነቅቶ ያለበትን ቦታ ልኮ የሚተኛ። በተኛበት ሰዓት ምንም ሞገድ ስለማያወጣ የሲግናል መፈለጊያ የያዘ ሰው አያገኘውም፤ ማፈኛውም ሌሊት ሲጠፋ እሱ በማግስቱ ይናገራል። እንደ አነቃቁ ብዛት ባትሪው ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ስርቆቱን በሰዓቱ አይነግርዎትም። ሽቦ ያለው ለፍጥነት፣ ይህኛው ለትዕግሥት ነው።

ሞተሩን ከስልክ ማጥፋት? አይሆንም። መኪናዋ በፍጥነት ላይ ሳለች ነዳጁ ቢቋረጥ በብዙ መኪናዎች መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑ አጋዥ ኃይልም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል። ከፊቷ የሚሻገር ልጅ፣ ከኋላዋ የሚመጣ አውቶቡስ የእርስዎን ትእዛዝ አያውቁም። ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ማን እንደሚሆን ለማወቅ ጠበቃ አያስፈልግም። ሌላም አደጋ አለው። በ2022 ማይኮደስ ኤምቪ720 በተባለ መከታተያ ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተቶች ተገኝተው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ክፍተቶቹን የተጠቀመ ባዕድ ሰው መኪናዋን ሊከታተልና ነዳጇን ሊያቋርጥ ይችል ነበር። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የይለፍ ቃል 123456 ነው። እንግዲህ ለራስዎ የሠሩትን ማጥፊያ ለማያውቁት ሰው አስረከቡ ማለት ነው። የሚፈቀደው ሞተሪኖውን ብቻ የሚያግድ ነው፤ የምትሄድን መኪና አይነካም፣ አንዴ ከቆመች በኋላ ግን እንደገና እንዳትነሳ ያደርጋል። እሱንም ቢሆን የይለፍ ቃሉን ሳይቀይሩ አያስገጥሙ።

ስለ ተለጣፊው የሚነገረው ሁለት ወገን ነው። በ1986 በማሳቹሴትስ የጀመረው ሎጃክ የተባለው የተደበቀ የሬዲዮ ማሰራጫ ከውጭ ምንም ምልክት አልነበረውም። ተመራማሪዎቹ ኢያን ኤርስና ስቲቨን ሌቪት በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሎጃክ በገባባቸው ከተሞች የመኪና ስርቆት በአጠቃላይ መቀነሱን አሳይተዋል፤ ሌባው የትኛዋ መኪና እንዳላት ስለማያውቅ ሁሉንም ፈራ። ጥቅሙ ግን በአብዛኛው የሄደው መሣሪያውን ላልገዙት ጎረቤቶች ነው። ተለጣፊ ሲለጥፉ ያንን ጥቅም ለራስዎ ለመሰብሰብ እየሞከሩ ነው፤ ለማጅ ሌባ ላይ ይሠራል፣ ቀጣዩን መኪና ያያል። ልምድ ያለው ሌባ ላይ ግን «ፈልግ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። አንድ መሣሪያ ብቻ ካለዎት አይለጥፉ። ሁለት ሲኖርዎት፣ የአምራቹን ስም የማይናገር ተለጣፊ ጉዳት የለውም።

መኪናዋ ሄዳ ነጥቧን ካርታው ላይ ቢያዩ ወደዚያ አይሂዱ። እዚያ የሚጠብቅዎት ሰው ምን እንደያዘ ነጥቧ አትነግርዎትም። መጀመሪያ በስሕተት ቆማ ተጎትታ እንዳልተወሰደች ያረጋግጡ፤ ከዚያ ለፖሊስ የሰሌዳ ቁጥሯን፣ የሻንሲ ቁጥሯንና አካባቢዋን በቀጥታ የሚያሳየውን ሊንክ ይስጡ። እነዚህን ቁጥሮች መኪናዋ ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ብቻ ጽፎ ማስቀመጥ የተለመደ ሞኝነት ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «እያየኋት ነው» ብሎ መጻፍም ሌባውን ማስጠንቀቅ ነው።

ሌላው ሰው የሚዘለው ጉዳይ የሚነዱት ሰዎች ናቸው። መኪናዋን ባለቤትዎ፣ ልጅዎ ወይም ተቀጣሪ ሾፌር የሚነዳት ከሆነ መከታተያ መኖሩን ይንገሯቸው፤ ቦታውን መንገር ግን አይጠበቅብዎትም። በብዙ አገሮች አዋቂ ሰውን ሳያውቅ መከታተል ወንጀል ነው፤ «መኪናዋ የእኔ ናት» ማለት ሁልጊዜ አያድንም። መኪናዋን ሲሸጡም አካውንቱን ያጥፉ። በተቃራኒው ያገለገለች መኪና የገዙ ከሆነ የቀድሞ ባለቤቷ ዛሬም እያያት ሊሆን ስለሚችል አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይፈትሻት።

ምክሬ ይህ ነው። ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መከታተያ አይግዙ፤ ጠንካራ የመሪ መቆለፊያ ይግዙና በየምሽቱ ይቆልፉበት። መኪናዋ ቁልፉ ሳይሰካ በቅርበት ብቻ የምትከፈት ከሆነች ቁልፉን ሲግናል በሚያግድ ከረጢት ያኑሩት፤ ይህ የቁልፉን ሞገድ በሩቅ አስተላልፈው የሚሰርቁትን ይከላከላል፣ ከመብራቱ ሽቦ ገብተው የመኪናዋን ውስጣዊ መስመር የሚያታልሉትን ግን አይከላከልም፤ እነሱን የሚያስቸግረው የብረቱ መቆለፊያና የተደበቀ ማቋረጫ ማብሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ሲተርፍ በራሱ ባትሪ የሚሠራውን የሚተኛ መሣሪያ ይግዙ፤ ገጣሚ ስለማያስፈልገው ቦታውን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። በሽቦ የሚያያዘው በሦስተኛ ደረጃ ይምጣ። ብዙ ሻጮች ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል፤ ወርኃዊ ክፍያ የሚያመጣላቸው ያ ስለሆነ ነው።

ገጣሚው ሒሳቡን ከመቀበሉ በፊት እዚያው ይፈትሹ። መኪናዋን ጣሪያ ባለው ማቆሚያ ያስገቧትና ነጥቧ ምን እንደምትሆን ይዩ፤ የባትሪውን ገመድ ያስፈቱና ማስጠንቀቂያው በስንት ደቂቃ እንደደረሰዎት ይቁጠሩ፤ ስልክዎ በዝምታ ላይ እያለ ሌሊት የሚመጣው መልእክት ይሰማ እንደሆነ ያረጋግጡ። የማይሰማ ከሆነ የስልክዎን አቀማመጥ ለዚህ አንድ መተግበሪያ ብቻ ይቀይሩ። ይህንኑ ፈተና በየወሩ ሒሳቡን በሚከፍሉበት ቀን ይድገሙት።